የውሃው ተራና የናሆም ቋንቋ

ጥቅምት 3

ናሆም ዛሬ ከምሳ በኋላ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ «ራህመት፣ እስኪ ቁጭ በይ» አለኝ። ሰው እንዲህ ሲለኝ ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ወይ የሞተ አለ፣ ወይ የሚሄድ አለ። ሁለቱም አልነበረም። «የውሃ ተራውን ፕሮግራም በሌላ ቋንቋ እንደ አዲስ እንጻፈው» ነው ያለኝ።

ቋንቋው ኤሊክሰር ይባላል። ሰምቼው አላውቅም ብል ውሸት ነው። ሰምቼዋለሁ፤ ግን ቆቦ ውስጥ ስሙን የሚጠራ ሰው ከናሆም ሌላ አላጋጠመኝም።

ነገሩ የመጣው በባለፈው ሳምንት ጣጣ ነው። የመስኖ ማኅበሩ ገበሬዎች ከየጉድጓዱ በተራ ነው የሚያጠጡት። ውሃው ወደ አንዱ ማሳ ሊዞር ሲል ስልኩ ላይ መልእክት ይደርሰዋል፤ መልእክቱን የሚልከው የእኔ ፕሮግራም ነው። ባለፈው ወደ ጎብዬ በኩል ኔትወርክ ተቋረጠ። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ አንዱ ጋ መላክ ሲያቅተው እዚያው ተገትሮ ይቆማል እንጂ ወደሚቀጥለው አያልፍም። የሁሉም ጉድጓድ ገበሬ ስልክ ዝም አለ። አንድ ቦይ ላይ ሁለት ሰዎች አካፋ ይዘው ተፋጠጡ፤ አላህ ነው ያወጣን።

በማግስቱ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ አራጌ ሱቅ ድረስ መጡ። ይጮሁብናል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብለው፣ «ልጆቼ፣ እስከ ታኅሣሥ ስብሰባ ድረስ አንድ ነገር በሉን። ካልሆነ ተራ ወደምንጠራበት ሜጋፎናችን እንመለሳለን» አሉ። ሰው በእርጋታ ሲናገረኝ እንዴት እንደምፈራ!

ማኅበሩ ከተወን ለሱቃችን የሚቀረው ፎቶ ኮፒና የሞባይል ቻርጀር ነው። እሱን እችለዋለሁ። ፕሮግራሙን ግን ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ባጣሁበት ዓመት ብቻዬን ቁጭ ብዬ የጻፍኩት ነው። ናሆም የመጣው በኋላ ነው። ይሄንን ለሱ አላልኩትም፤ ለምን እላለሁ?

ጥቅምት 6

መብራት የለም። ላፕቶፑ ሊጠፋ ነው። አክስቴ ጀዊሪያ ከደሴ ደወለች፤ የእጮኛዬ የመንሱር ቤተሰቦች ሰርጉ ከረመዳን በፊት ይሁን ብለዋል። እሺ አልኩ። ለናሆም ገና አልነገርኩትም። ሥራ በዝቶበታል።

ጥቅምት 10

ዛሬ ደህና አድርገን ተከራከርን። ያው የኛ ክርክር ድምፅ የለውም፤ ሰው ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ ሲገባ ዝም እንላለን፣ ሲወጣ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

«ቆይ አንተ ብትታመም ማን ይጠግነዋል?»

«አንቺ።»

«እኔ አላውቀውማ!»

«ትማሪያለሻ።»

«ብትሄድስ?»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቄ። አዲስ አበባ። ሰው ሁሉ እኮ እየሄደ ነው።»

ሳቀብኝ። «የትም የማልሄደውን ሰው ዛሬ ለምን ታባርሪኛለሽ?» አለ።

እኔ የያዝኩት ነገር ግልጽ ነው። አሮጌው የተጻፈበትን ፒኤችፒን የማያውቅ የለም። አንድ ነገር ብንሆን ወልዲያ ሄዶ የሚያውቀው ልጅ ፈልጎ ማምጣት ይቻላል። ኤሊክሰር የሚያውቅ ፈልጉ ብንባል ግን ከየት እናመጣለን? ሲበላሽ የምንጠይቀው ሰው የለ፣ በአማርኛ የሚያስረዳ ቪዲዮ የለ። የገበሬ ሽንኩርት ደግሞ እስክንማር አይጠብቅም።

እሱ ደግሞ ወረቀት አውጥቶ ክብ ክብ ሣለልኝ። በኤሊክሰር እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱ ትንሽ ሠራተኛ ይኖረዋል አለ። ከላይ አንድ ጠባቂ አለ። የአንዱ ጉድጓድ ሠራተኛ ቢወድቅ ጠባቂው ያንን ብቻ ያነሣዋል፤ የሌላው ጉድጓድ ሰው መውደቁንም አይሰማም። የጎብዬ ኔትወርክ ሲጠፋ በሮቢት መንገድ ያለው ጉድጓድ ገበሬ ለምን ይቀጣል?

እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ማታ ስወጣ ሔራን በር ላይ ጠበቀችኝ። ከጎናችን ያለው ጁስ ቤት የሷ ነው፤ በዚህ ሰፈር የተወራ ነገር ማንጎ ከሚፈጨው ማሽኗ ቀድሞ በሷ በኩል ያልፋል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ናሆም ፓስፖርት ሊያወጣ ነው አሉ፤ አልነገረሽም?» አለችኝ።

አየህ! አልኩ በልቤ። አላልኩም?

ጥቅምት 15

ጠየቅኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «መታወቂያ ነው ያሳደስኩት! ሔራን እኮ ትንሽ ብትታገሻት ቪዛውንም ትመታልኛለች።»

አመንኩት። ቢሆንም ነገ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል። ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው፣ የሚይዘው ነገር የለም። ሰው እሄዳለሁ ሲል ቀድሞ መናገር አለበት፤ አብሮት የሚሠራ ሰው ካለ በተለይ።

ጥቅምት 21

ሰው የማያውቀውን ነገር መቃወም አይችልም። ስለዚህ ኤሊክሰርን መማር ጀምሬያለሁ፤ ለመቃወም። ከፈጅር ሶላት በኋላ ኔትወርኩ ጥሩ ስለሆነ ትምህርቱን አወርድና ቤት አነበዋለሁ። ናሆም አያውቅም።

ያስጠላል። ለምን እንዲህ ሆነ ስለው አይመልስልኝም። የለመድኩትን ነገር ሁሉ በሌላ መንገድ አድርጊው ይለኛል።

ጥቅምት 24

ትንሽ ገባኝ። ያስጠላል ያልኩት ቸኩዬ ነው።

ጥቅምት 28

መንሱር ደወለ። ደሴ የመድኃኒት ቤት አለው፤ ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ስናወራ አያቋርጠኝም። ስለ ቋንቋው ነገርኩት። ስሙን ስጠራለት ሳቀ፤ «ኤሊክሰር? እኛ ጋ እኮ ለሕፃን በማንኪያ የሚሰጥ ሽሮፕ ነው» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ጠባቂውና ስለ ትንንሾቹ ሠራተኞች በጣም ብዙ ሳላወራው አልቀረሁም። በመጨረሻ፣ «ራህመት፣ ትወጂዋለሽ መሰለኝ» አለ።

«ማንን?» ብዬ ደነገጥኩ።

«ቋንቋውን ነዋ» አለ።

ኧረ በጭራሽ። ለመቃወም ነው የምማረው።

ከመዝጋቱ በፊት የሱቁ ሰዎች መቼ እንደምሄድ አውቀው እንደሆነ ጠየቀኝ። «እነግራቸዋለሁ» አልኩ። የሱቁ ሰዎች ማለት ናሆም ነው። አንድ ሰው።

ኅዳር 4

ተስማማን፤ ማለት ግማሽ ተስማማን። የሮቢት መንገዱ ጉድጓድ ብቻ በአዲሱ ይሞከር፣ ሌሎቹ በኔው ይቆዩ። ናሆም ደንቦቹን ሁሉ ከእኔ ኮድ እያነበበ ወደ አዲሱ ሊያዞር ተቀምጧል። ከትከሻው በላይ ሆኜ ላየው ፈለግኩ፤ ተማሪዎች ለምዝገባ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ ተሰልፈው ስለነበር አልሆነልኝም።

የራስን ጽሑፍ ሰው ሲያነበው ማየት የጓዳን በር ከፍቶ እንግዳ እንደማስገባት ነው። ናሆም አልፎ አልፎ ፈገግ ይላል። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ኅዳር 12

ኔትወርኩ እንደገና ሄደ። የእኔ ፕሮግራም እንደ ልማዱ ተገተረ። የሮቢት መንገዱ ግን ወደቀ፣ ተነሣ፣ ላከ። የዚያ ጉድጓድ ገበሬዎች ምንም ነገር እንደነበረ አልሰሙም። ሌሎቹን ቀኑን ሙሉ በስልክ እየደወልኩ እኔ ራሴ ሜጋፎን ሆንኩ።

ናሆም «አላልኩሽም?» አላለኝም። ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠና ከዝርዝሩ ግማሹን ሰው እሱ ደወለለት። ቢለኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 20

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሼህ አሊ ዐረፉ። በሮቢት መንገዱ ጉድጓድ የሚያጠጣው የታሂር አባት ናቸው።

የሆነውን ነገር ከመጀመሪያው ልጻፈው።

በኛ ማኅበር ሰው ሲሞት ውሃ ይዘጋል። ሟቹ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ ሬሳው አፈር ሳይለብስ ቦይ የሚከፍት የለም። ተራው ባለበት ይቆማል። ከቀብር መልስ የመጀመሪያው ውሃ የለቅሶ ቤቱ ነው፤ ቤተሰቡ ድንኳን ውስጥ ስለሚቀመጥ ጎረቤት ያጠጣላቸዋል። ይሄ ደንቡ ላይ አልተጻፈም። ማን ይረሳዋል ተብሎ ይጻፋል?

አዲሱ ፕሮግራም ግን አያውቀውም። ሰው ሁሉ ቀብር ላይ ሳለ ተራውን በሰዓቱ እያዞረ ሄደ። የታሂርን አለፈው። ከዋጃ መጥቶ መሬት የተከራየው ደጀን ገና የኛን ወግ አላወቀም፤ «ውሃው ወደ እርስዎ ማሳ ዞሯል» ሲባል ፓምፑን አስነሥቶ ቦዩን ከፈተ። ከቀብር ሲመለሱ የለቅሶ ቤቱ ሽንኩርት ደርቆ፣ የደጀን ማሳ በውሃ ተሞልቶ አገኙት። ምስኪን፣ «ስልኩ ነው ያዘዘኝ!» እያለ ይምላል።

የታሂር ጎረቤት እትዬ ራዊያ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ሱቃችን መጡ። አልተቀመጡም።

«ኧረ እናንተ ልጆች፣ በዚህ መኪናችሁ ውስጥ ሰው አይሞትም?»

ናሆም ተነሥቶ ቆመ። እኔም እንደሱ።

«አንቺ እንኳ የዚሁ አገር ልጅ!» አሉኝና ወጡ።

ኅዳር 21

ለቅሶ ደርሰን መጣን። ታሂር አልተቆጣም፤ ናሆምን እጁን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠው። ስለ ነገሩ ማውራት የጀመርነው ሱቅ ስንመለስ ነው።

«በአሮጌው ላይ ይሄ ነገር ነበር?» አለኝ።

«ነበር። ለቅሶ ሲሆን አንድ ቦታ እነካለሁ፣ ተራው ይቆማል። አዲሱ ላይ አንተ የምትነካው መስሎኝ ነበር።»

«የቱ ጋ?»

አሳየሁት። ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ይሄማ ‹ጀዊሪያ› ነው የሚለው።»

«አዎ።»

«የአክስትሽ ስም! ስልክ ቁጥራቸውም አብሮ አለ። በሳቸው ስልክ የሞከርሽበት መስሎኝ ነው የተውኩት።»

እንግዲህ እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ያንን ክፍል የጻፍኩት የአክስቴ ባል የሞተ ሰሞን ነው። ያኔ አክስቴ እዚሁ ቆቦ ነበረች፤ ፕሮግራሙ የመጀመሪያ ለቅሶውን ያወቀው በሷ ነው። ስም ማውጣት ሲቸግረኝ የሷን ሰጠሁት። ለእኔ ጀዊሪያ ማለት ለቅሶ ማለት ነው።

«ሌላ ሰው እንዴት እንዲያውቀው ብለሽ ነው?» አለኝ። ቁጣ የለውም፤ ገርሞት ነው።

«እኔ አውቀዋለሁ ብዬ።»

«ፒኤችፒን እኮ ሁሉም ያውቀዋል፣ ልክ ነሽ። የወልዲያውም ልጅ ያውቀዋል። ይሄን ግን አያውቀውም» አለ። ከዚያ የመጣ ደንበኛ ቻርጀር ጠየቀውና ሄደ።

ማታ ነው የምጽፈው። ተቆጥቼበታለሁ። መጠየቅ ነበረበት። ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ ‹ይሄ ምንድን ነው› ማለት ምን ያህል ይከብዳል? እኔስ ደንቦቹን ሲያነብ ኮፒውን ትቼ አጠገቡ መቀመጥ አልነበረብኝም? ጥፋቱን ለሁለት ስከፍለው የሱ ድርሻ እያነሰ፣ የእኔ እየበዛ መጣ። ተውኩት።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ናሆም ቢሄድ ኤሊክሰሩን ማን ያውቀዋል እያልኩ ወሩን ጨረስኩ። እኔ የሄድኩ እንደሆነ ጀዊሪያን ማን ያውቃታል?

እንቅልፌ መጣ።

ኅዳር 25

የናሆም እናት እማማ ለተ ብርሃን አላማጣ ዘመድ ጥየቃ ሄደው እዚያው አሟቸው፤ ሊያመጣቸው ሄደ። «ሁለት ቀን ብቻ፣ አሮጌውን መልሰሽ ክፈቺው» ብሎኝ ነበር።

አልከፈትኩትም። የሮቢት መንገዱን ጉድጓድ ተራ በስልክ እያዞርኩ፣ ሱቁን ግማሽ ቀን ዘግቼ፣ ለቅሶውን በኤሊክሰር ጻፍኩት። ብዙ ተሳሳትኩ። አንዴ ለሁሉም ጉድጓድ ለቅሶ አወጅኩ፤ ደግነቱ ሙከራ ላይ ነው። በመጨረሻ አንዱን ጉድጓድ ለቅሶ ላይ አስቀመጥኩት፤ እሱ ቆመ፣ ሌሎቹ ቀጠሉ። ሳስነሣው ከለቅሶ ቤቱ ጀመረ።

ስሙን «ለቅሶ» አልኩት። ማንም አንብቦ የሚያውቀው ስም።

ሱቅ ውስጥ ብቻዬን እጄን አጨበጨብኩ። ሔራን በግድግዳው በኩል «ምን አገኘሽ?» ብላ ጮኸች።

ኅዳር 27

ናሆም እናቱን ይዞ ተመለሰ። እማማ ለተ ብርሃን ደህና ናቸው፤ «ጓለይ» ይሉኛል፣ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፤ «ልጄን በሥራ ገደልሽው» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ኮዱን አሳየሁት። ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ተመልሶ አነበበው።

«መቼ ተማርሽ?»

«ለመቃወም ነበር።»

«ጥሩ ተቃውመሻል» አለኝ።

ዛሬ ነበር የምነግረው። ደስ ብሎት ስላየሁት ተውኩት።

ታኅሣሥ 5

ሔራን ማንጎ ጁስ በነፃ ይዛልኝ መጣች። ሔራን በነፃ ስትሰጥ መጠርጠር ነው። «ሰርጉ ጥር ላይ ነው አሉ፤ ደሴ ነው የምትገቢው?» ከአክስቴ ጎረቤት ልጅ ነው የሰማችው። ለናሆም እንዳትነግረው አስማልኳት።

«አያውቅም እንዴ?» ብላ ዓይኗ ፈጠጠ። «ወይ ጉድ! ስለ ፓስፖርቱ ስታስጨንቂው የከረምሽው ሴትዮ?»

ጁሱን ሳልጨርሰው መለስኩላት።

ታኅሣሥ 13

ስብሰባው ዛሬ ነበር። በማኅበሩ አዳራሽ፣ አግዳሚው ሁሉ ሞልቶ፣ ደጀንም እትዬ ራዊያ አጠገብ ተቀምጦ፤ ታርቀዋል። ናሆም ስለ ጉድጓዶቹና ስለ ጠባቂው በደንብ አስረዳ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጋሽ አራጌ መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁ።

«ልጄ፣ ነገሩ ጥሩ ነው። ይሄን ቋንቋ የምትለውን ካንተ ሌላ ማን ያውቀዋል? አንተ የሌለህ ቀን ውሃችን እንዳይቆም።»

የእኔ ጥያቄ ነው። ቃል በቃል።

«ራህመት ታውቀዋለች» አለ ናሆም። «ለቅሶውን የጻፈችው እሷ ናት።»

እትዬ ራዊያ ከአግዳሚው ላይ፣ «እሷማ ከረመዳን በፊት ደሴ ልትገባ አይደል እንዴ? እንኳን ደስ አለሽ የኔ ልጅ!» አሉ። እልልታውን አንዷ ጀመረችው፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። ናሆም ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አላየሁም፤ ደጀን «ስልኩ ነው ያዘዘኝ» ሲል የነበረው ዓይነት ፊት ነበር።

እልልታው እስኪቆም ጠበቅኩና ተነሣሁ።

«እውነት ነው፣ ልሄድ ነው» አልኩ። «ቀድሜ መናገር የነበረብኝ ለናሆም ነበር፤ ሳልነግረው ቆየሁ። አሁን ግን ጋሽ አራጌ የጠየቁትን ልመልስ። አሮጌውን ሁሉም ያውቀዋል እያልኩ ስከራከር ነበር። የተጻፈበትን ቋንቋ ሁሉም ያውቀዋል። አሠራሩን ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ባለፈው የታሂርን ተራ ያሳለፈውም ይሄው ነው። እሱ ላይ ከቆያችሁ ከእኔ ጋር ደሴ ይገባል። አዲሱን ሁለታችን እናውቀዋለን፣ ደንባችሁም በየስሙ ተጽፎበታል። እስከምሄድ ድረስ ደግሞ ሦስተኛ ሰው አስተምረን እናሳያችኋለን። እኔ የምለው ወደ አዲሱ እንሂድ ነው።»

ጋሽ አራጌ ታሂርን አዩት። አባቱን የቀበረው፣ ሽንኩርቱ የደረቀበት እሱ ነውና።

«እኔ ከዘንድሮው ሽንኩርት ይልቅ የከርሞው ነው የሚያሳስበኝ» አለ ታሂር። «ልጅቱ እየሄደች ነው፤ የሷ ብቻ በሆነው ምን ልንሠራ? አዲሱ ይሁን።»

እጅ ወጣ። አዲሱ ሆነ።

ታኅሣሥ 14

ናሆም ጠዋት ሲገባ ሰላም አለኝ፤ ከዚያ እስከ ምሳ ሞባይል ሲፈታ ቆየ። እኔ በልቤ ስንት ንግግር አዘጋጅቼ አፈረስኩ። በኋላ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«የትም አልሄድም ስልሽ ከረምኩ። አንቺን መጠየቅ ግን አንድም ቀን ትዝ አላለኝም» አለ።

«ይቅር በለኝ።»

«ለምን ግን አልነገርሽኝም?»

ለራሴ ስል የከረምኩትን ሁሉ ልለው አፌን ከፈትኩ። ሥራ በዝቶብህ፣ ደስ ብሎህ፣ እናትህ ታመው። አንዱም አልወጣም።

«ከነገርኩህ መሄዴ እውነት ይሆንብኛል ብዬ» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። «ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው?»

«ጥሩ ነው። ሳወራ አያቋርጠኝም።»

«እሱስ ትልቅ ሰው ነው» አለና ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አሮጌውን ኮድ ከፍተን ከመጀመሪያው መስመር ጀመርን። እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ለእያንዳንዱ ክፍል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስም ይሰጠዋል።

ታኅሣሥ 24

አለቀ። ሁሉም ጉድጓድ ወደ አዲሱ ገባ። ሦስተኛዋ ሰው ፌቨን ናት፤ ኮሌጅ ጨርሳ ቤት የተቀመጠች የዚሁ ሰፈር ልጅ። ዛሬ ያለ ማንም እርዳታ አንዱን ጉድጓድ ሆን ብላ ጥላው፣ ሲነሣ አይታ በሳቅ ሞተች።

አሮጌውን ሰርቨር ማጥፋት ለእኔ ተተወ። ናሆምና ፌቨን ያዩኛል። አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ተጫንኩት፣ ጠፋ፣ ወዲያው አንዲት ሴትዮ የልደት ካርድ ኮፒ ልታስነሣ ገባች። ኮፒውን አነሣሁላት።

ከዐስር ሶላት በኋላ አክስቴ ጀዊሪያ ደወለች። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው የሰርጉን ቀን ቆርጠዋል። ስልኩን እንደዘጋሁ ናሆም ሞባይል እየፈታ ወደነበረበት ጠረጴዛ ሄጄ ቀኑን ነገርኩት። በሰፈሩ የመጀመሪያው ሰሚ እሱ ሆነ። ሔራን ሁለተኛ በመሆኗ አኩርፋ፣ እስካሁን አታናግረኝም።